አዲስ ፋሻ፣ አሮጌ ግድግዳ፦ የሞተር ሲሊንደር አጭር ታሪክ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም። በየሕንፃችን ሥር ቆሞ በሚያድረው መኪና ሆድ ውስጥ ያለ የአንድ ግድግዳ ታሪክ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ "ይሄ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" እንዳትሉን። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ፣ ዘይት ሲጨርስ፣ ሙሳኹ "ሞተሩ አልቋል" ሲል ከፋዩ ማን ነው? ቤተሰብ ነው። ልጅም "አባዬ፣ ለምን እንከፍላለን? ፋሻውን ገዝቼ እቤት እቀይረዋለሁ" ሲል ፈቃጁም ከልካዩም ወላጅ ነው። ለመፍቀድም ለመከልከልም ነገሩን ማወቅ ይሻላል።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። ፋሻ መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው። ሞተሩን የሚያድነው ወይም የሚገድለው፣ ፋሻው የሚያርፍበት የሲሊንደር ግድግዳ እንዴት እንደተዘጋጀ ነው። ሰዎች ይህን የተማሩት በአንድ ቀን አይደለም፤ ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፋሻ ምንድን ነው?

ሲሊንደር ማለት ክብ የብረት ጉድጓድ ነው። ፒስተን በውስጡ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሙቀጫ ውስጥ እንደሚወርድ ዘነዘና ብታስቡት ይቀርባል። ነገር ግን ዘነዘና ከሙቀጫው ግድግዳ ጋር ልክክ ብሎ መግጠም የለበትም፤ ፒስተን ግን እሳቱን ከላይ፣ ዘይቱን ከታች ለይቶ መያዝ አለበት። ታዲያ ፒስተኑን ራሱን ጉድጓዱን ሞልቶ እንዲሠራ ቢያደርጉትስ? ሲግል ያብጥና ግድግዳውን ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ ትንሽ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፤ ክፍተቱን እንዲዘጉም በዙሪያው በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ የብረት ቀለበቶች ይገባሉ። በአብዛኞቹ መኪኖች ለአንድ ፒስተን ሦስት ናቸው። የላይኞቹ ሁለቱ በዋናነት ግፊቱን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ትርፍ ዘይት ይጠርጋል። ፋሻ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ቃሉም ታሪክ አለው። "ፋሻ" ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ የምንላቸውም እንዲሁ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ኢትዮጵያን በያዘበት ጊዜ መንገድና የጭነት መኪና በብዛት ገባ፤ ቃሉም ከመኪናው ጋር ገባ። ከጎንደርና ከስሜን በኩል የመጣችሁ ሽማግሌዎች ሊማሊሞን ታውቁታላችሁ። ያን ጠመዝማዛ መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። "ትሬንታ ኳትሮ" እየተባለ የሚጠራው የፊያት 634 የጭነት መኪናም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ጭነቱን ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ ያን ሁሉ ግፊት አምቀው የሚይዙት እነዚያ ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው። ዛሬ እዚህ ልጆቻችን በሙሳኽ ውስጥ "ሪንጊም" ይሏቸዋል። አባት "ፋሻ" ሲል፣ ልጅ "ሪንጊም" ሲል የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

በቆዳና በውሃ የተጀመረ ነገር

በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ የሚስብ የእንፋሎት ሞተር አቆመ። ሲሊንደሩ ወደ 53 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ነበር። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በትክክል ክብ አድርጎ የሚቦረቡር መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ታዲያ ክፍተቱን በምን ዘጉት? በፒስተኑ ዙሪያ ቆዳ አደረጉ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ስንጥቁን ሁሉ እየሞላ አየር እንዳይገባ ያደርጋል። ግድግዳው ወጣ ገባ ቢሆንም ውሃው ይሸፍንለታል።

ጄምስ ዋት መጣና ይህን መሸፈኛ ከለከለ። በ1769 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት አዲሱ ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። በፒስተኑ ላይ ውሃ ካፈሰሱበት ይቀዘቅዛል፣ ቁጠባውም ይቀራል። ስለዚህ ዋት ያልሞከረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቡሽ ሞከረ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሞከረ፣ ቃጫ ሞከረ፣ የአሮጌ ባርኔጣ ጨርቅ ሳይቀር ሞከረ። እንፋሎቱ ግን ማምለጡን አልተወም። ጥፋቱ ከመድፈኛው አልነበረም። 46 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሰፋው ሲሊንደሩ ከቦታ ቦታ 9 ሚሊሜትር ያህል ይለያይ ነበር። በአንዱ ቦታ የሚጠብቀው መድፈኛ በሌላው ቦታ ይላላል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ ምን ዓይነት ቀለበት ያቃናዋል?

መልሱ የመጣው መድፍ ከሚሠራ ሰው ነው። ጆን ዊልኪንሰን በዌልስ፣ በበርሻም የብረት ማቅለጫ ነበረው። ከእርሱ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች የመቦርቦሪያውን ዘንግ በአንድ ጫፍ ብቻ ነበር የሚይዙት። ዘንጉ በክብደቱ ያዘነብላል፤ ምላጩም ሲቀልጥ ጠማማ ሆኖ የወጣውን ጉድጓድ እየተከተለ ጠማማነቱን ይደግመዋል። ዊልኪንሰን በ1775 ገደማ ያደረገው ቀላል ይመስላል፦ ሲሊንደር ከላይም ከታችም ክፍት ስለሆነ፣ ወፍራም ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈበትና ዘንጉን በሁለቱም በኩል ደገፈው። ከዚያ በኋላ ምላጩ የሚከተለው ዘንጉን ሆነ እንጂ የጉድጓዱን ጠማማነት አይደለም። በ1776 በቲፕተን ለቆመው ሞተር 127 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ሲሊንደር ቦረቦረ። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን፣ ስህተቱ በየትም ቦታ ከአንድ አሮጌ የሽልንግ ሳንቲም ውፍረት እንደማይበልጥ በደስታ ጻፈ። ይህም በግምት አንድ ሚሊሜትር ነው። የዋት ሞተር ሠራ፤ ፋብሪካ ሁሉ ተከተለው።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ መጀመሪያ ግድግዳው ይቃና፣ ቀለበቱ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ዊልኪንሰን ሰዎች "በብረት ያበደ" ይሉት ነበር። በ1787 ከብረት የተሠራ ጀልባ ውሃ ላይ አንሳፈፈ። የራሱ መልክ የታተመበት የመዳብ ሳንቲም አስመታ። ለራሱም የብረት ሬሳ ሣጥን አሠርቶ ነበር። አገሩ በዚህ ሳቀበት፣ ነገር ግን አከበረው። የእኛም አባቶች የብረት ሰዎች ነበሩ። በወናፍ ከሰል አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ በመስፍ ላይ ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር። ጎረቤት በቀን ማረሻውን ይገዛ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያለ ይሸሽ ነበር። የብረት እውቀት አንዱን ባለጸጋ ሲያደርግ ሌላውን ያሰደበው ብረቱ ስለተለየ አይደለም። ዛሬ ልጃችን እጁን ዘይት ነክቶት ከሙሳኽ ሲገባ፣ ይህን አስታውሰን ደስ ይበለን።

ከቃጫ ወደ ሚለጠጥ ቀለበት

ግድግዳው ከተቃና በኋላም መድፈኛው ለብዙ ዓመታት ሞራ የተቀባ ቃጫ ነበር። ይቃጠላል፣ ይላላል፣ ቶሎ ቶሎ መጥበቅ ይፈልጋል። ለባቡር ደግሞ ይህ ትልቅ ችግር ነበር። በ1850ዎቹ ጆን ራምስቦተም የተባለ የእንግሊዝ የባቡር መሐንዲስ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ፋሻ በባቡር ሞተር ላይ አዋለ። ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፣ በአንድ ቦታ ይቆረጣል፣ ተጨምቆ ይገባል። ልክ እንደታጠፈ ሽቦ ወደ ውጭ መለጠጥ ስለሚፈልግ ግድግዳውን ራሱ ይጫናል። የሚገርመው፣ እንፋሎቱ ወይም የሚነደው ጋዝ ከቀለበቱ ጀርባ ገብቶ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ግፊቱ ሲበረታ መዝጋቱም ይበረታል።

ይህ ግን አዲስ ጥያቄ አመጣ። ቃጫ ለስላሳ ነው፣ ግድግዳውን ይለምደዋል። ብረት ከብረት ጋር ሲገጥም ግን ሁለቱ ተፋቅረው እስኪተዋወቁ ድረስ በመካከላቸው ዘይት መኖር አለበት። ዘይት ደግሞ እንደ መስታወት በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አይቆይም። ከ"ክብ ይሁን" ቀጥሎ "ምን ያህል ሻካራ ይሁን?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ሥራው ወደ ቤት ሲመጣ

ይህ ሥራ ወደ ቤት የገባው በሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ ዘመን ነው ብንል አንሳሳትም። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ጊዛ ውስጥ የተቦረቦሩ ናቸው፤ ከላይ ያለው ቴስታታ ደግሞ ብሎኑ ተፈትቶ የሚነሳ ነው። ቴስታታው ሲነሳ ግድግዳው ለዓይንም ለእጅም ይገለጣል። ገበሬው መኪናውን በጎተራው ሥር ይፈታ ጀመር። መንገዱ አቧራ ነው፣ አየር ማጣሪያ የለም፣ ዘይቱም የዛሬውን ያህል ጥሩ አልነበረም። ስለዚህ ፋሻ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይቀየራል።

ችግሩም ያኔ ታየ። አሮጌው ፋሻ ለዓመታት ሲያሸው የኖረ ግድግዳ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ የተቃጠለ ዘይትም ስስ ሽፋን ያበጅበታል። አዲስ ፋሻ በዚህ ላይ ሲገባ ይንሸራተታል እንጂ አይለምድም። መኪናው አዲስ ፋሻ ገብቶለት ጭሱን ይቀጥላል። ሰውየው "ፋሻው ውሸት ነው" ይላል፤ እውነቱ ግን ግድግዳው አልተዘጋጀም።

ለዚህ በ1920ዎቹ ሆኒንግ የሚባለው ሥራ ተስፋፋ። በ1924 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጆ ሰነን የጀመረው ድርጅት በዚህ መሣሪያ ስም ካወጡት አንዱ ነው። መሣሪያው በቀጫጭን የመሳያ ድንጋዮች የተሠራ ነው፤ ድንጋዮቹ በስፕሪንግ ወደ ውጭ እየተገፉ ግድግዳውን ያሻሉ። መሣሪያው እየዞረ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሚቋረጡ መስመሮች ይጽፋል፤ በሰያፍ እንደተሠራ ሰሌን ማለት ነው። መስመሮቹ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢገናኙ ጥሩ ነው ይባላል። በጣም ከጋደሙ ዘይት በዝቶ ይቀራል፣ በጣም ከቆሙ ዘይቱ ይወርዳል። ትናንሽ ቦዮቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፎቻቸው ደግሞ አዲሱን ፋሻ ጥቂት ጥቂት እየሳሉ ከግድግዳው ጋር ያስማሙታል።

እቤት ሲሠራ

ከመፍታት በፊት መመርመር ይቀድማል። ሰማያዊ ጭስ ሁሉ ከፋሻ አይመጣም፤ የቫልቭ ጎማዎች ሲያልቁም ይመጣል። የድሮ መካኒኮች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ካንዴላውን አውጥተው የሲሊንደሩን ግፊት ይለካሉ። ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምረው እንደገና ይለካሉ። ግፊቱ በደንብ ከጨመረ ዘይቱ የደፈነው የፋሻንና የግድግዳን ክፍተት ነው። ካልጨመረ ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ ብቻውን ስንት ቤተሰብ ከከንቱ ወጪ ያድናል!

ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ግድግዳው በዓይንና በጥፍር ይታያል። ጥፍር የሚይዝ ቁልቁል የወረደ ጭረት ካለ የቤት ሥራ አይደለም፤ ማሽን ያለው ባለሙያ ያስፋው። ቀጥሎ መለካት ነው። ውድ መለኪያ ለሌለው ሰው የቆየ ዘዴ አለ። አንዱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ማስገባት፣ እንዳይዘም በተገለበጠ ፒስተን ገፍቶ ማቃናት፣ ከዚያ የተቆረጠበትን ክፍተት በቀጫጭን የብረት ምላሶች መለካት። ይህን ከላይ አካባቢና ከታች አካባቢ ማድረግ። ልዩነቱን ለ3.14 ስታካፍሉት የሲሊንደሩ ስፋት ልዩነት ይወጣል። ለምሳሌ ክፍተቱ ከላይ 0.60፣ ከታች 0.30 ሚሊሜትር ከሆነ ልዩነቱ 0.30 ነው፤ ሲካፈል ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይመጣል። ዋት በ9 ሚሊሜትር ሲሰቃይ ነበር፤ ለዛሬ መኪና ግን 0.1 ሚሊሜትር ብዙ ነው፣ አዲስ ፋሻ ብቻውን አያድነውም። የእያንዳንዱን ሞተር ወሰን የፋብሪካው መጽሐፍ ይናገራል፤ ከእርሱ ማለፍ አይገባም።

ሌላው የሚረሳው ነገር በግድግዳው አናት ላይ ያለው ጠርዝ ነው። ፋሻ እስከ አፉ ድረስ ስለማይወጣ ከላይ ያልተበላ ቀለበት የሚመስል ጠርዝ ይቀራል። አሮጌው ፋሻ ከጠርዙ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ አዲሱ ግን ጫፉ ሹል ስለሆነ ይመታውና ይሰበራል። ለዚህ የተሠራ መላጫ አለ፤ በመሮ ወይም በሞረድ መታገል አይገባም።

ከዚያ ሆኒንግ። ድንጋዩ ከሚገባው ፋሻ ዓይነት ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። መሰርሰሪያው በዝግታ ይዙር፣ ቀጭን ዘይት ይፍሰስበት፣ እጅ ሳይቆም ወደ ላይና ወደ ታች ይሂድ። በአንድ ቦታ መቆም ጉድጓድ ያወጣል። ዓላማው መስመር መጻፍ ብቻ ነው፤ ሰያፉ መስመር ዙሪያውን ወጥ ሆኖ ከታየ ሥራው አልቋል። የተጣመመን ግድግዳ በዚህ መሣሪያ ማቃናት አይቻልም፤ ድንጋዮቹ በስፕሪንግ የተያዙ ስለሆኑ ልክ እንደ ጥንቱ የመድፍ መቦርቦሪያ ጠማማውን ይከተላሉ።

አሁን ብዙ ሞተር ወደሚበላሽበት ደረጃ ደረስን፦ ማጠብ። ድንጋዩ ያራገፈው ደቃቅ አሸዋ በተጻፉት ቦዮች ውስጥ ይደበቃል። ብዙ ሰው በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ጠርጎ ይተወዋል። እነዚህ ዘይቱን ያሟሙታል፣ አሸዋውን ግን እዚያው ይተዉታል። አሸዋው ቀርቶ ሞተር ማስነሳት ግድግዳውን በሞረድ እንደማሸት ነው፤ አዲሱ ፋሻም ኩሽኔታውም አብረው ይበላሉ። ሆኒንግ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል ብለው የሚከራከሩ መካኒኮች ዛሬም አሉ፤ የሚፈሩት ይህንን አሸዋ ነው። ፍርሃታቸው እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፦ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ብዙ ትዕግሥት። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክሮ ግድግዳውን መጥረግ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና ማጠብ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ወዲያው ዘይት መቀባትም ያስፈልጋል፤ ጊዛ እርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ መዛግ ይጀምራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ውሃና አሸዋ ከታች ያለውን ክፍል እንዳይነካ ብሎኩ ባዶውን ቢታጠብ ይመረጣል። ቤንዚን ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ በጭራሽ አይከፈት።

በመጨረሻ የእያንዳንዱ አዲስ ፋሻ ክፍተት በራሱ ሲሊንደር ውስጥ ይለካል። 80 ሚሊሜትር ለሚሰፋ ሲሊንደር 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። ከጠበበ ሲግል ጫፎቹ ይጋጩና ግድግዳውን ይቧጥጣሉ። ሲገጠሙም የሦስቱ ክፍተት በአንድ መስመር ላይ አይደረደርም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ለረጅም ሰዓት ቆሞ እንዲያጓራ አይተውም፤ መጠነኛ ጭነት ይዞ ሲሄድ ነው ፋሻው ግድግዳውን የሚለምደው። የመጀመሪያው ዘይትም ቶሎ ይቀየራል።

ሁሉም ግድግዳ አንድ አይደለም

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ጊዛ ግድግዳ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካዎች ሞተሩን ለማቅለል ወደ አሉሚኒየም ዞሩ። የጀርመኑ ማህሌ ኒካሲል የተባለ እጅግ ጠንካራና ስስ ልባስ አወጣ፤ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ በ1970 ለሽያጭ የቀረበው ሼቭሮሌት ቬጋ ደግሞ ያለ ጊዛ ካሚቻ፣ ፒስተኑ በቀጥታ በአሉሚኒየሙ ላይ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠራ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ግድግዳው እየተጫረ ዘይት ይበላ ጀመር፣ ስሙም በዚህ ጠፋ። ስለዚህ ልጃችን ድንጋዩን ከማንሳቱ በፊት "ግድግዳው ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ለጊዛ የሚሆነው ድንጋይ ልባስ ያለውን ግድግዳ ሊያበላሸው ይችላል።

ወላጆች ምን እንጠይቅ?

መካኒክ መሆን አይጠበቅብንም። ሥራው እቤት ይሁን በሙሳኽ፣ አራት ጥያቄ ይበቃናል። ግፊቱ በዘይትና ያለ ዘይት ተለካ ወይ? ግድግዳው ከላይና ከታች ስንት ሆነ? የግድግዳው ዓይነት ታወቀ ወይ? ከሆኒንግ በኋላ በምን ታጠበ? አራቱንም የሚመልስ ሰው፣ ልጃችንም ይሁን ባለ ሙሳኹ፣ ሥራውን ያውቃል። "አዲስ ሪንጊም አስገብተናል፣ አታስቡ" ብቻ የሚለን ከሆነ ግን ብሩን ከመክፈላችን በፊት እናስብ።

እናንተ በአገር ቤት ጋራዥ የሠራችሁ፣ ወይም አባታችሁ በወናፍና በመስፍ ሲሠራ ያያችሁ ወገኖቻችን፣ የመሣሪያዎቹን ስምና የምታውቁትን ዘዴ ጻፉልን። መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌዎች ካሉ ልጆች ጠይቃችሁ ጻፉላቸው።